ሩቁን ለማየት የተከፈለ ዋጋ

የመነጽር ቁጥሩ ማይነስ አምስት የሆነ ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ከስንዝር ያለፈው ሁሉ ብዥ ይላል፤ የታክሲው ታፔላ፣ የሰሌዳው ጽሑፍ፣ ከመንገድ ማዶ በእጁ ሰላም የሚል ወዳጅ ፊት። ሰላምታ ያልመለሰው ሰው ኩሩ ይባላል፤ ሰሌዳው ያልታየው ተማሪ ሰነፍ ይባላል። የችግሩ መነሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ከሚገባው በላይ መርዘሙ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ሬቲና ላይ ማረፍ ሲገባው ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰባል። ሐኪሞች ማዮፒያ የሚሉት ይህንን ነው።

የሰው ልጅ ይህን ጉድለት ለማቃናት ከ500 ዓመት በላይ ደክሟል። መስታወት ሞርዷል፣ ፕላስቲክ ዓይን ላይ አሳርፏል፣ በምላጭ ሰንጥቋል፣ በጨረር ልጧል። በዚህ ሁሉ ድካም ውጤቱ ሲመዘን የኖረው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሰውየው ስንተኛውን መስመር ያነባል? ዛሬም በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የምናየውን የፊደል ሰሌዳ በ1862 ያወጣው የኡትሬክቱ ሐኪም ሄርማን ስኔለን ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሰውየው ዓይኑ ከታረመ በኋላ እንዴት ይኖራል የሚለው፣ በወጉ የተጠየቀው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የማረሚያዎቹን ታሪክ በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ስንመረምረው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ እያንዳንዱ ዘዴ አንድ ሸክም ያነሳል፣ በምትኩም ሌላ ያሸክማል።

የመስፍኑ ትእዛዝ

መነጽር የተፈለሰፈው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጣሊያን ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ መነጽሮች መካከሉ ያበጠ ሌንስ የነበራቸው፣ በዕድሜ ምክንያት የቅርቡ ጽሑፍ የደበዘዘባቸውን አዛውንት የሚያገለግሉ ነበሩ፤ ሩቅ ለማይታየው ወጣት አንዳች አልፈየዱም። ለእሱ የሚሆነው መካከሉ የሰረጎደ ሌንስ ገበያ ላይ መዋሉን ከሚያስረዱ ቀደምት ሰነዶች አንዱ የሚላኖው መስፍን ፍራንቼስኮ ስፎርዛ በጥቅምት 1462 ፍሎረንስ ለነበረው መልእክተኛው የጻፈው ደብዳቤ ነው። መስፍኑ ሦስት ደርዘን መነጽር ያዝዛል፤ አንዱ ደርዘን ለወጣቶች ሩቅ ማያ፣ ሁለተኛው ለአዛውንት ቅርብ ማያ፣ ሦስተኛው በመካከል ላሉት። ራፋኤል በ1518 ገደማ በሳለው ሥዕል ላይ ደግሞ የሮማው ጳጳስ ሊዮ 10ኛ ባለ እጀታ ሌንስ ይዘው ይታያሉ፤ ሩቅ የማይታያቸው ነበሩና አደን ሲወጡም ሌንስ አይለያቸውም ነበር።

ሌንሱ ለምን እንደሚሠራ በትክክል የተረዳ ሰው ግን እስከ 1604 አልተገኘም። በዚያ ዓመት ዮሐንስ ኬፕለር፣ ምስል የሚቀረጸው ሬቲና ላይ መሆኑን፣ የሰረጎደ ሌንስም ብርሃኑን በጥቂቱ በትኖ የመሰብሰቢያ ነጥቡን ወደ ኋላ እንደሚገፋው ጻፈ። መነጽሩ ጆሮ ላይ የሚያርፍ ክንድ ያገኘው ከዚያም ዘግይቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እስከዚያ ድረስ በእጅ ይያዝ ወይም አፍንጫ ላይ ይጣበቅ ነበር፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚሠራ ሰው አይመችም።

መነጽር የሕዝብ የሆነው ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1948 የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲቋቋም መነጽር በነፃ ይሰጥ ጀመር፤ ያልተጠበቀ የሕዝብ ጎርፍ መጣ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ለዓመታት ብዥታ ውስጥ ኖሮ እንደነበር በአንድ ጊዜ ተገለጠ። መንግሥት በ1951 በመነጽርና በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ክፍያ ሊጥል ሲወስን አገልግሎቱን የመሠረተው አኑሪን ቤቫን ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። ለአንድ መነጽር ሥልጣን መልቀቅ ከልክ ያለፈ ለሚመስለው ሰው፣ በቻይና ጋንሱና ሻንሺ ክፍላተ ሀገራት በ252 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና በ2014 የታተመው ጥናት መልስ ይሰጠዋል። ሩቅ የማይታያቸው ልጆች በነፃ መነጽር ሲሰጣቸው በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ የሒሳብ ውጤታቸው ካልተሰጣቸው ልጆች በልጦ ተገኘ። መምህሩም መጽሐፉም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ሰሌዳው መታየቱ ብቻ ነበር።

መነጽር ዓይንን አይነካም፣ ቁጥር ሲለወጥ ይለወጣል፣ ካልተስማማ ይወልቃል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። የሚያሸክመው ሸክምም ግልጽ ነው። ዝናብ ያርሰዋል፣ ከሙቅ ምግብ የሚነሳ እንፋሎት ይጋርደዋል፣ ኳስ ሜዳ ላይ ይሰበራል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሌንስ ነገሮችን አሳንሶ ያሳያል፤ ከፍሬሙ ውጭ በጎን ያለውም እንደደበዘዘ ይቀራል። ሌሊት ልጅ ሲያለቅስ ከሁሉ በፊት የሚዳሰሰው መነጽሩ ነው። በተለይ ለወጣቶች ደግሞ የመልክ ጉዳይ አለ፤ ባለ መነጽር እያሉ የተሳለቁበት ልጅ ሕመሙን ከሐኪም ካርድ ላይ አናገኘውም።

በገና ሰሞን የተሠራው ሌንስ

ሌንስን ከአፍንጫ አንስቶ ዓይን ላይ የማሳረፉ ሐሳብ በተግባር የዋለው በ1880ዎቹ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ፊክ በ1888 ዙሪክ ሆኖ የመስታወት ሌንስ ሙከራውን አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት የኪል ዩኒቨርሲቲ ተማሪው አውጉስት ሙለር የመመረቂያ ጽሑፉን በዚሁ ጉዳይ ላይ ሠራ። ሙለር ራሱ ቁጥሩ ማይነስ 14 ነበርና ሌንሱን የሞከረው በገዛ ዓይኑ ላይ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ግን አልቻለውም። መስታወቱ የዓይንን ነጭ ጭምር ይሸፍን ስለነበር ብሌኑን አየር ያሳጣው ነበር። በእኛ አገር የዓይን ባንክ ብሌን፣ ሐኪሞች ደግሞ ኮርኒያ የሚሉት የዓይን የፊት መስኮት የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው በቀጥታ ከአየር ነው። የኮንታክት ሌንስ ታሪክ ከዚያ ወዲህ በጠቅላላ የአየር ፍለጋ ታሪክ ነው። በ1948 አሜሪካዊው ኬቨን ቱኦሂ ብሌኑን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ ሠራ፤ ቀላል ቢሆንም ጠጣር ስለነበር ብዙዎችን ይቆረቁራቸው ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከፕራግ ነው። የኬሚስትሪ ሊቁ ኦቶ ቪክተርሌ ውኃ የሚመጥ ለስላሳ ፕላስቲክ ከባልደረባው ከድራሆስላቭ ሊም ጋር ፈጥሮ ነበር፤ ነገር ግን ዓይን ላይ የሚያርፍ ጠርዙ ልሙጥ የሆነ ሌንስ አድርጎ መቅረጽ አልተቻለም። ቪክተርሌ ቀደም ሲል በፖለቲካ ምክንያት ከማስተማር ሥራው ተባሯል፤ የሌንሱ ምርምርም ድጋፍ አጥቶ ቆሟል። በ1961 የገና ሰሞን በቤቱ፣ ከልጆች የብረት መገጣጠሚያ አሻንጉሊትና ከብስክሌት ዲናሞ አንድ መሣሪያ ሠራ። ፈሳሹ ፕላስቲክ በትንሽ ጎድጓዳ ቅርጽ ውስጥ ሆኖ ሲሽከረከር ራሱን በራሱ ሌንስ አድርጎ ረጋ። ከባለቤቱ ጋር ሆነው በወራት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሌንሶች እዚያው ቤታቸው አመረቱ። የፈጠራ መብቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሸጠ፤ በ1971 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለስላሳ ሌንስ እንዲሸጥ ፈቀደ። ቪክተርሌ ያገኘው ገንዘብ ከሥራው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር።

ኮንታክት ሌንስ ፊትን ነፃ አወጣ፤ የጎን ዕይታን መለሰ፤ ለሯጭ፣ ለተዋናይ፣ ለሙሽራ ትልቅ እፎይታ ሆነ። ያሸከመው ግን ከመነጽር የከፋ ነገር ነው፤ ንጽሕና ሲጓደል ዓይን ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ ክፍል ተደርጎ በ1989 የታተመ ጥናት፣ ለስላሳ ሌንስ ቀን ብቻ ከሚያደርጉ 10,000 ሰዎች በዓመት 4 ያህሉ፣ ሌንሱን አድርገው ከሚያድሩት ግን 21 ያህሉ በብሌን ቁስለት እንደሚያዙ አሳየ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አምስት እጥፍ ገደማ ነው። በ1999 ብዙ አየር የሚያሳልፉ አዲስ ዓይነት ሌንሶች ገበያ ላይ ቢውሉም አድሮ የማድረጉ አደጋ አልጠፋም። በቧንቧ ውኃ ማጠብ፣ አድርጎ መዋኘት ደግሞ አካንታሚባ የሚባል ጥቃቅን ተሕዋስ ይጋብዛል፤ እሱ ብሌን ውስጥ ከገባ ሕክምናው ወራት ይፈጃል። እንግዲህ ኮንታክት ሌንስ በየቀኑ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ውል ነው፤ እጁን ሳይታጠብ የሚነካው ሰው ውሉን አፍርሷል።

ምላጩና የጊዜ ፍርድ

የዓይንን ቅርጽ በቢላ ማስተካከል የብዙዎች ምኞት ነበር። ሐኪሙ ቪንሴንዝ ፉካላ በ1880ዎቹ መጨረሻ ቁጥራቸው እጅግ ከፍ ካለ ሕሙማን ዓይን ውስጥ የተፈጥሮውን ሌንስ ማውጣት ጀመረ፤ ብዙዎች ሩቁን አዩ፣ ከእነሱ መካከል ግን ሬቲናቸው የተላቀቀባቸው ነበሩ። በጃፓን ፕሮፌሰር ፁቶሙ ሳቶ ብሌኑን ከፊትም ከኋላም በመሰንጠቅ ጠፍጠፍ ያደርገው ጀመር። በ1950ዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይኖች በዚህ ዘዴ ታከሙ። ያልታወቀው ነገር፣ በብሌኑ ጀርባ ያሉት ሴሎች ውኃውን እየመጠጡ ብሌኑን ጥርት አድርገው የሚጠብቁ መሆናቸው፣ ሲሞቱም እንደማይተኩ ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ብሌኖቹ እያበጡ ይደፈርሱ ጀመር። በወጣትነታቸው ደስ ብሏቸው ከሆስፒታል የወጡ ሰዎች በጎልማሳነታቸው የማየት አቅማቸውን አጡ።

ትምህርቱን ወስዶ ከፊት በኩል ብቻ የሰነጠቀው የሞስኮው ስቪያቶስላቭ ፊዮዶሮቭ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዘዴው ሠራ፣ በኋላም ቀዶ ሕክምናውን ወደ ፋብሪካ አሠራር ለወጠው፤ ታካሚዎች የተኙባቸው አልጋዎች ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው እየተንቀሳቀሱ፣ እያንዳንዱ ሐኪም የድርሻውን አንድ ተግባር ብቻ ይፈጽም ነበር። ዘዴው አሜሪካ ሲደርስ የአገሪቱ ብሔራዊ የዓይን ተቋም ሰፊ ጥናት አስጀመረ። በ1994 የወጣው የአሥር ዓመት ውጤት ሁለት ፊት ነበረው። 70 በመቶዎቹ ሩቅ ለማየት መነጽርም ኮንታክት ሌንስም እንደማያደርጉ ተናገሩ፤ ነገር ግን ከታከሙት ዓይኖች 43 በመቶው በአንድ ዲዮፕተር፣ ማለትም በአንድ የመነጽር ቁጥር፣ ወይም ከዚያ በላይ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ፣ ቅርቡን ወደ ማደብዘዝ፣ ተንሸራቶ ተገኘ። የተሰነጠቀ ብሌን አይጸናም ነበር።

ይህንን ከሁሉ በከፋ መንገድ ያየው የቴክሳሱ ሐኪም ቤክ ዌዘርስ ነው። በግንቦት 1996 ኤቨረስት ተራራን ሲወጣ ከዓመታት በፊት ይህን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር። ከስምንት ሺህ ሜትር በላይ አየሩ ሲሳሳ ኦክስጅን ያጣው ብሌን አበጠ፤ ዕይታው እየጠፋ ሄደ፤ የተራራ ጉዞውን መሪ እዚያው ሊጠብቅ ተስማማ። ከዚያ የበረዶ ማዕበሉ ደረሰ። ሞቷል ተብሎ በረዶ ላይ የተተወው ሰው በማግሥቱ ተነስቶ በእግሩ ወደ ድንኳኖቹ ገባ፤ ቀኝ እጁን፣ የግራ እጁን ጣቶችና አፍንጫውን ግን ብርዱ በልቶበታል። በሐኪም ቢሮ፣ በፊደል ሰሌዳ ፊት፣ የዚህ ሰው ዓይን የተሳካ ተብሎ ሊመዘገብ ይችል ነበር።

ጨረሩ

በኅዳር 1981 የአሜሪካውያን የምስጋና በዓል ማግሥት፣ የአይቢኤም ተመራማሪው ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን ከበዓሉ ገበታ የተረፈ የቱርክ ዶሮ ሥጋ ይዞ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። ከባልደረቦቹ ከጄምስ ዋይንና ከሳሙኤል ብለም ጋር ሲመራመሩበት የነበረውን ኤክሳይመር ሌዘር ሲያሳርፍበት፣ ጨረሩ ዙሪያውን ሳይለበልብ ሥጋውን በጥራት ቆረጠ። በ1983 የዓይን ሐኪሙ ስቲፈን ትሮክል ከስሪኒቫሳን ጋር ሆኖ ይኸው ጨረር ብሌንን ሊቀርጽ እንደሚችል አሳየ። በ1988 ማርጌሪት ማክዶናልድ ማየት በሚችል የሰው ዓይን ላይ የመጀመሪያውን ሕክምና አደረገች። ይህ ዘዴ፣ የብሌኑን ገጽ ፍቆ በላዩ ላይ የሚቀርጸው፣ በ1995 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ለቀናት የሚቆይ ሕመም ግን ነበረው። የቀርጤሱ ሐኪም ዮአኒስ ፓሊካሪስ ደግሞ የቦጎታው ሆሴ ባራከር ከ1949 ጀምሮ የዘረጋውን ብሌንን የመቁረጥ ጥበብ ከሌዘሩ ጋር አዋሐደ። የብሌኑ ስስ ሽፋን እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገልጦ፣ ከሥሩ በጨረር ተቀርጾ፣ ተመልሶ ይከደናል። ላሲክ የሚባለው ይህ ነው። ሕመሙ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው በማግሥቱ ያያል። በኋላ በትንሽ ቀዳዳ ስስ ንጣፍ የሚያወጣው ስማይል መጣ፣ አሜሪካም በ2016 ፈቀደችው። ብሌኑን ሳይቀንሱ ከተፈጥሮው ሌንስ ፊት ሌላ ሌንስ የሚተክሉም አሉ፤ እሱ ሊወጣ መቻሉ ጥቅሙ ነው፣ የዓይን ሞራና የግፊት ክትትል ማስፈለጉ ሸክሙ ነው።

ስለ ላሲክ ሦስት ነገር ሳይነገረው የሚታከም ሰው ተበድሏል። አንደኛ፣ ሽፋኑ ሲቆረጥ ነርቮችም አብረው ስለሚቆረጡ ዓይን ሊደርቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጨረሩ ብሌኑን እንጂ የዓይኑን ርዝመት አይለውጥም፤ ቁጥሩ ከፍ ያለ የነበረ ሰው የሬቲና መላቀቅ ስጋቱ አብሮት ይኖራልና ምርመራውን ማቋረጥ የለበትም። ሦስተኛ፣ ሩቅ የማያይ ሰው ዕድሜው ከ45 ሲያልፍ መነጽሩን አውልቆ የሚያነብበት ጸጋ አለው፤ ዓይኑ ከታረመ ግን ያ ጸጋ ቀርቶ እንደ እኩዮቹ የማንበቢያ መነጽር ይፈልጋል።

ኑሮ ሲመዘን

በሚያዝያ 2008 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለ ላሲክ ሕዝባዊ ስብሰባ ጠራ። ሰሌዳውን እስከ ታች የሚያነቡ፣ ነገር ግን ሌሊት መኪና መንዳት ያቃታቸው፣ በዓይን ድርቀት የተሰቃዩ ሰዎች ተነስተው ተናገሩ። ካርዳቸው ላይ ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ኑሯቸው ግን ተናግቷል። ከዚህ የተነሳው ጥናት፣ የባሕር ኃይል አባላትንና ሲቪሎችን ጨምሮ፣ በ2017 ሲታተም ሚዛናዊ ሥዕል ሰጠ። ከ95 በመቶ በላይ ታካሚዎች በዕይታቸው ረክተዋል። ከሕክምናው በፊት ምንም የዕይታ እክል ካልነበረባቸው ውስጥ ግን እስከ 46 በመቶ የሚደርሱት በሦስተኛው ወር ቢያንስ አንድ አዲስ እክል፣ ብዙውን ጊዜ በመብራት ዙሪያ የሚታይ ቀለበት፣ እንዳጋጠማቸው ተናገሩ። ድርቀት ካልነበረባቸውም እስከ 28 በመቶው ድርቀት ጀመራቸው። የዕለት ሥራቸው በጣም የተሰናከለባቸው ከ1 በመቶ በታች ናቸው። እርካታና አዲስ እክል በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ይህ ጥናት አሳይቶናል።

ሦስቱን ዘዴዎች ጎን ለጎን ያቆመው ግን በኮንራድ ፔሱዶቭስና በባልደረቦቹ በ2006 የታተመው ሥራ ነው። ስለ ምቾት፣ ስለ ወጪ፣ ስለ ስጋትና ስለ መንፈስ ደኅንነት የሚጠይቁ 20 ጥያቄዎችን አዘጋጅተው መነጽር ለሚያደርጉ፣ ኮንታክት ሌንስ ለሚጠቀሙና ቀዶ ሕክምና ላደረጉ ሰዎች አቀረቡ። ከመቶ ሲሰላ የባለ መነጽሮቹ አማካይ 44.1፣ የባለ ኮንታክት ሌንሶቹ 46.7፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት 50.2 ሆነ። ልዩነቱን በዋናነት የፈጠረው የዕይታ ጥራት ሳይሆን ምቾት ነው። ከታከሙት መካከል ግን ችግር የገጠማቸው 7 ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱ አማካይ ወደ 37.9 ወረደ። ከባለ መነጽሮቹ አማካይም በታች መሆኑ ነው። ቀዶ ሕክምና ለብዙዎች ከሁሉ የተሻለ ኑሮ፣ ለጥቂቶች ደግሞ ከሁሉ የከፋ ኑሮ ይሰጣል። ይህንን በአንድ አማካይ ቁጥር ሸፍኖ ማለፍ እነዚያን ጥቂቶች መካድ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

በኢትዮጵያ በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 3.7 በመቶው የዕይታ ድክመት እንዳለበት አሳይቷል። ከእነዚህ አንድ ሦስተኛ ለሚሆኑት መንስኤው በመነጽር ሊታረም የሚችል ችግር ነው። ለእነሱ የሌዘርና የስማይል ክርክር ሩቅ ነው፤ የመስፍን ስፎርዛ አንድ ደርዘን እንኳ አልደረሳቸውም። በሌላ በኩል ማዮፒያ በዓለም ላይ በፍጥነት እየጨመረ ነው፤ በ2016 የታተመ ትንበያ በ2050 ግማሹ የዓለም ሕዝብ ሩቅ የማይታየው እንደሚሆን ይገምታል። ልጆች ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን ሲውሉ ችግሩ የሚጀምርበት ዕድል እንደሚቀንስ በሲድኒና በምሥራቅ እስያ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ታይዋንም ከ2010 ጀምሮ ተማሪዎች በቀን ሁለት ሰዓት ደጅ እንዲውሉ ትሠራለች። ለእኛ ከተሞች ልጆች፣ በስልክና በጠባብ ቤት መካከል ለሚያድጉት፣ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ በቀዶ ሕክምና ለመታከም የሚያስብ ሰው "ያለ መነጽር አያለሁ ወይ" ብሎ ብቻ አይመለስ። ሌሊት እነዳለሁ ወይ፣ ዓይኔ አሁንም ይደርቃል ወይ፣ ብሌኔ ወፍራም ነው ወይ፣ ከአሥር ዓመት በኋላስ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ሳይቸኩል የሚሰጥ ሐኪም ይፈልግ፤ ይቅርብህ የሚለውን ሐኪም ደግሞ ያመስግን። መንግሥትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ወላጅም ከሁሉ አስቀድመው የሚሰጡት ግን ያረጀውና አስተማማኙ ነው፦ በየዓመቱ የዓይን ምርመራ፣ ለሚያስፈልገው ልጅ ሁሉ በቁጥሩ የተሠራ መነጽር፣ መነጽሩን ያለ ኀፍረት የሚያደርግበት ክፍል።